ሊኑክስ ሲነሳ ሼር ፎልደሩ የት ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉም እኩል መነሳት ይጀምራሉ። ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ቀድሞ ይደርሳል። ብዙ ዲስክ የተሸከመው ሰርቨር ግን ገና ዲስኮቹን እየፈተሸ ነው። ቀድሞ የተነሳው ኮምፒውተር ሰርቨሩን ይጠራል፤ መልስ ያጣል፤ ትቶት ያልፋል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «ሼር ፎልደሩ ባዶ ነው፤ ፋይላችን ጠፋ!»

ፋይሉ አልጠፋም። ፎልደሩ ማውንት አልሆነም፣ ማለትም የሰርቨሩ ፎልደር ከኮምፒውተሩ ጋር አልተገናኘም እንጂ። ይህን በስልክ ላይ ሆኖ ለደነገጠ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት የሚነበብ ነገር ልጻፍ ብዬ ነው።

መልሶቹ ሲስተምዲን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ ሊኑክሶች ናቸው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራና ሬድ ሃት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል ነው።

ተርሚናል ከፍቼ በእጄ ማውንት ሳደርገው ወዲያው ይሰራል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን እምቢ ይላል። ለምን?

እናንተ ተርሚናል ከፍታችሁ ትእዛዙን እስክትጽፉ ድረስ ኔትወርኩ ከተነሳ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን ያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ አይፒ አድራሻውን ወይም ፓስወርዱን ደጋግማችሁ አትፈትሹ። በእጅ ከሰራ እነሱ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ሰርቨሩ የሚጠራበት ጊዜ ነው።

ከጀርባ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን፣ ማውንት የሚደረጉት የሚዘረዘሩበትን የኤፍኤስታብ ፋይል ሲስተምዲ ገና ሲነሳ ያነበዋል። እያንዳንዱን መስመር ወደ አንድ «የማውንት ዩኒት» ይለውጠዋል። ከዚያ በሁለት ሰልፍ ያሰልፋቸዋል። እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ዲስኮች «ሎካል-ኤፍኤስ» በሚባለው ሰልፍ፣ በኔትወርክ የሚመጡት ደግሞ «ሪሞት-ኤፍኤስ» በሚባለው። የሎካሉ ሰልፍ ኔትወርክን ጨርሶ አይጠብቅም። የሪሞቱ ይጠብቃል። አንድ መስመር በተሳሳተ ሰልፍ ከቆመ ነገር ተበላሸ ማለት ነው።

ሲስተምዲ ኔትወርኩ እስኪነሳ ይጠብቃል ካልክ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። «ኔትወርክ ተነሳ» የሚባል አንድ ቁርጥ ያለ ቅጽበት የለም።

ሲስተምዲ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አሉት። አንዱ «ኔትወርክ ታርጌት» ይባላል። ስሙ ያሳስታል። ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ ማለት ብቻ ነው። አይፒ አድራሻ ገና ላይኖር ይችላል። ይህ ምልክት ከመነሳት ይልቅ ለመዝጋት ነው የሚጠቅመው፤ ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት አገልግሎቶች እንዲቆሙ ያደርጋል። ሁለተኛው «ኔትወርክ-ኦንላይን ታርጌት» ነው። ይሄኛው በእርግጥ ይጠብቃል። የሚጠብቅለት ግን ሌላ ፕሮግራም ነው። ኔትወርክማኔጀር የራሱ «ዌይት-ኦንላይን» አገልግሎት አለው። ሲስተምዲ-ኔትወርክዲም የራሱ አለው። ኔትወርኩን የምታስተዳድሩበት ፕሮግራም አንድ ሆኖ የተከፈተው «ዌይት-ኦንላይን» የሌላው ከሆነ፣ ጠባቂው ሌላ በር ላይ ቆሟል።

ሁሉም በትክክል ተቀምጦም አይበቃም። አድራሻው በእጅ የተሰጠ፣ ማለትም ስታቲክ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ኬብሉ ላይ ምልክት እንዳየ «ኦንላይን ነኝ» ሊል ይችላል። ስዊቹ ግን ገና ላይዘጋጅ ይችላል። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው የቆየ ዘዴ ኬብል አዲስ የተሰካበትን ፖርት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዳታ የሚያሳልፈው። 30 ሰከንድ ሙሉ የፖርቱ መብራት በርቶ አንድም ዳታ አያልፍም። በዲኤችሲፒ፣ ማለትም በራሱ አድራሻ በሚያድል ዘዴ፣ አድራሻ የሚወስድ ኮምፒውተር ይህ ብዙም አይታይበትም፤ አድራሻው ራሱ ዘግይቶ ስለሚመጣ አብሮ ይዘገያል። «ስታቲክ ካደረግኩት በኋላ ነው የባሰው» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ስዊቹ ላይ ኮምፒውተር ለተሰካባቸው ፖርቶች ይህን መጠበቅ ማስቀረት ይቻላል። ሲስኮ ላይ «ፖርትፋስት» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፋይል ሰርቨሩ ራሱ አለ። የእናንተ ኮምፒውተር ኦንላይን መሆኑ ሰርቨሩ መነሳቱን አይነግራችሁም። ይህን የሚያውቅ ምንም የሲስተምዲ ምልክት የለም። ለዚህ ነው «ትንሽ ሰከንድ ልጨምርለት» የሚለውን መፍትሄ የማልወደው። ስሊፕ 30 (30 ሰከንድ ጠብቅ) ብላችሁ ዛሬ ይሰራል። መብራት ሲሄድ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ዲስክ ሲፈትሽ ሦስት ደቂቃ ሲፈጅበት፣ አይሰራም።

«ኔትዴቭ» ምንድን ነው? ሁልጊዜ ልጻፈው?

ኤፍኤስታብ መስመር ላይ የሚጻፍ፣ ከፊቱ የታች መስመር ያለው አማራጭ ነው፦ _ኔትዴቭ። «ይህ መስመር ኔትወርክ ይፈልጋል» ብሎ ለሲስተምዲ ይነግረዋል። ኤንኤፍኤስና ሲአይኤፍኤስን (ፎልደር በኔትወርክ የሚጋራባቸው የሊኑክስና የዊንዶውስ ዘዴዎች) ሲስተምዲ በስማቸው ስለሚያውቃቸው ባትጽፉትም ራሱ በሪሞት ሰልፍ ያቆማቸዋል። ብትጽፉት ጉዳት የለውም። እኔ ፋይሉን ለሚያነብ ሰው ግልጽ እንዲሆን እጽፈዋለሁ።

ግዴታ የሚሆነው አይስካዚ ላይ ነው። አይስካዚ ዲስኩን በኔትወርክ ያመጣዋል፤ በላዩ ላይ ያለው ግን እንደ ማንኛውም ዲስክ ኤክስት4 ወይም ኤክስኤፍኤስ የሚባል ፋይልሲስተም ነው። ሲስተምዲ «ኤክስት4» የሚለውን ሲያይ እዚሁ ያለ ዲስክ ይመስለዋል። ሎካል ሰልፍ ውስጥ ያስገባዋል። ዲስኩን 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ኮምፒውተሩን ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚከፈት ሁኔታ) ውስጥ ይጥለዋል። ይህ ሁሉ አንዲት ቃል ባለመጻፏ ነው።

«ኖፌይል» ስ?

ማውንት ባይሆንም ኮምፒውተሩ መነሳቱን እንዲቀጥል ያደርጋል። ሰው አጠገቡ የሌለ ሰርቨር ላይ አስፈላጊ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኖፌይል ሲኖር ሌሎች አገልግሎቶች ያን ፎልደር አይጠብቁም። እሱ እየሞከረ እነሱ ያልፋሉ።

አንተ ብትሆን የትኛውን ትጽፋለህ?

አውቶማውንት። ከስንት ሙከራ በኋላ እዚህ ላይ ነው የረጋሁት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰርቨሩን አትጥራው። ፎልደሩ በር ላይ ዘበኛ ብቻ አቁም። ሰው ወይም ፕሮግራም ፎልደሩን ሲነካ፣ ያኔ ዘበኛው ሄዶ ሰርቨሩን ይጠራል። የነካው ፕሮግራም ጥቂት ይጠብቃል፤ ማውንቱ ሲሳካ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሰርቨሩ ገና ከሆነ ስህተት ይመለስለታል፤ ቆይቶ እንደገና ሲነካው እንደገና ይሞከራል። ኔትወርኩ በስንት ሰከንድ ተነሳ የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል።

መስመሩ ይህን ይመስላል፦

192.168.1.10:/ዳታ /ኤምኤንቲ/ዳታ ኤንኤፍኤስ _ኔትዴቭ,ኖፌይል,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ማውንት-ታይምአውት=30 0 0

በአማራጮቹ መካከል ነጠላ ሰረዝ እንጂ ክፍት ቦታ አይገባም። አንድ ክፍት ቦታ መስመሩን ያበላሸዋል። ታይምአውት ላይ ያለው 30 ሰከንድ ነው፤ ሰርቨሩ ከሌለ ሰው ፊት ለፊት ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ እንዳይንጠለጠል ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ዜሮዎች እንዳሉ ይቀመጡ፤ ሁለተኛው «ሲነሳ ዲስኩን አትፈትሽ» ማለት ነው። የሌላ ማሽን ዲስክ ከዚህ አይፈተሽም።

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ «ኖአውቶ» አብሮ ተጽፎ ታያላችሁ። አውቶማውንት ካለ ኖአውቶ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ኤክስ-ሲስተምዲ.አይድል-ታይምአውት የሚለውን ብትጨምሩ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ያልተነካ ፎልደር ራሱ ይለቀቃል። ይህ ለላፕቶፕ ደስ ይላል።

አይፒ ቁጥሩን ወይስ የሰርቨሩን ስም ልጻፍ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ስም ከጻፋችሁ ስሙን ወደ አይፒ የሚቀይረው የዲኤንኤስ ሰርቨርም መነሳት አለበት። አንድ ተጨማሪ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሰርቨሩ አድራሻ የማይቀያየር ከሆነ ስሙን ከአይፒው ጋር እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ባለው ሆስትስ ፋይል ውስጥ አስገቡት፤ ሁለቱንም ታገኛላችሁ።

ኤንኤፍኤስ «ቢጂ» የሚል አማራጭ አለው። እሱ አይበቃም?

ቢጂ «ካልተሳካ ከጀርባ ሆነህ ሞክር» ማለት ነው። ሲስተምዲ ይህን ቃል ሲያይ በራሱ ይተረጉመዋል፤ ኖፌይል ይጨምርበታል፣ ሙከራውን እስከ 10000 ደቂቃ፣ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ያስቀጥለዋል። ይሰራል። ነገር ግን ማውንቱ እስኪሳካ ድረስ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ባዶ መታየቱ ለምን አደገኛ እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ቢቆይ ምን ይሆናል? ቆይቶ ማውንት ይሆን የለ?

አንድ ቢሮ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚሠራ ማሽን ነበር። ባክአፑ የሚሄደው በኔትወርክ ወዳለ ሰርቨር ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ፤ ፎልደሩ ማውንት አልሆነም። የባክአፑ ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም። ፎልደሩ አለ፣ ይጻፍበታል፣ ስለዚህ ጻፈበት። በየሌሊቱ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። የሚጻፈው ግን ባክአፕ በሚደረግለት በራሱ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ ሞልቶ ማሽኑ ሲቆም ነው ያወቅነው። በዚያ መሃል ያ ዲስክ ቢቃጠል ኖሮ ዋናውም ባክአፑም አብረው ይሄዱ ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው። ማውንቱን በእጅ ስንመልሰው እነዚያ ፋይሎች ከዓይን ጠፉ። ማውንት ሲደረግ ከሥር ያለው ፎልደር ይሸፈናል እንጂ አይሰረዝም። «ዲኤፍ» ዲስኩ ሞልቷል ይላል፤ «ዲዩ» ደምሮ ሲያይ ያን ያህል ፋይል አያገኝም። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ካያችሁ፣ ከማውንቱ ሥር የተቀበረ ፋይል መኖሩን ጠርጥሩ። ማውንቱን አንስታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ማንሳት ካልተቻለ፣ ዋናውን ፋይልሲስተም «ማውንት ባይንድ» በሚለው ሌላ ቦታ አሳይታችሁ በዚያ በኩል ግቡ።

መከላከያው ሦስት ነው። እኔ ሦስቱንም አደርጋለሁ።

መጀመሪያ፣ ማውንቱ ባልተደረገበት ሰዓት ባዶውን ፎልደር «ሲኤች-አትር ፕላስ አይ» በሚለው ትእዛዝ ቆልፉት። ከዚያ በኋላ ሩትም (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ቢሆን ምንም ሊጽፍበት አይችልም። ማውንት ማድረግ ግን ይቻላል፤ ማውንት ሲሆን ቁልፉ ከሥር ይቀራል፣ ላዩ እንደ ወትሮው ይጻፍበታል። ባክአፑ እንዲህ ባለ ፎልደር ላይ ሊጽፍ ሲል ስህተት ይሰጣል። የምንፈልገውም እሱን ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ይውደቅ። አውቶማውንት ያላችሁም ይህን አትተዉት፤ አውቶማውንቱ ራሱ የቆመ ቀን ባዶው ፎልደር ይገለጣል።

ሁለተኛ፣ የባክአፕ ስክሪፕታችሁ መጀመሪያ ላይ «ማውንትፖይንት» በሚለው ትእዛዝ ፎልደሩ በእርግጥ ማውንት መሆኑን ይጠይቅ። ካልሆነ ይውጣ። አውቶማውንት ካለ ግን ከመጠየቁ በፊት ፎልደሩ ውስጥ ያለ አንድ የታወቀ ፋይል ይክፈት፤ ዘበኛው ራሱ እንደ ማውንት ሊቆጠር ስለሚችል እርግጠኛው መልስ ፋይሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ፎልደሩን የሚጠቀም አገልግሎት ካላችሁ በዩኒት ፋይሉ ውስጥ «ሪኳየርስ-ማውንትስ-ፎር» የሚለውን ከነፎልደሩ አድራሻ አስገቡ። ያ ማውንት ካልተሳካ አገልግሎቱም አይጀምርም።

ሃርድ ይሻላል ሶፍት?

ይህ ኤንኤፍኤስን ብቻ ይመለከታል። ደግሞም ከተነሳ በኋላ ያለውን እንጂ አነሳሱን አይደለም። ሃርድ ሰርቨሩ ቢጠፋ ፕሮግራሙን እስኪመለስ ያስጠብቀዋል። ሶፍት ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ስህተት ይመልሳል። የሚጻፍበት ፎልደር ከሆነ ሃርድ ይሁን፣ አትቀይሩት። ሶፍት ላይ በጽሑፍ መሃል ስህተት ከመጣና ፕሮግራሙ በደንብ ካልተቀበለው ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ለንባብ ብቻ ለሆነ ነገር ሶፍት ያስኬዳል። «ታይምኦ» የሚለው ቁጥር በሰከንድ አስረኛ እንደሚቆጠር ግን አትርሱ፤ 600 ማለት 60 ሰከንድ ነው።

ኮምፒውተሬ ሲነሳ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይቀራል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ብዙ ጊዜ አዎ። የሲስተምዲ-ኔትወርክዲ «ዌይት-ኦንላይን» የሚያስተዳድራቸው የኔትወርክ ካርዶች እስኪዘጋጁ እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ ሁለትና አራት ፖርት አላቸው። ኬብል የተሰካው አንዱ ላይ ነው። ባዶውን ፖርት ሲጠብቅ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። ለባዶው ፖርት በኔትወርክ ፋይሉ ውስጥ «ሪኳየርድ-ፎር-ኦንላይን» የሚለውን «ኖ» አድርጉት። ማን እንዳዘገየ ለማየት «ሲስተምዲ-አናላይዝ ብሌም» በሉ።

ላፕቶፕ ላይ በዋይፋይ ነኝ። ከገባሁ በኋላ ብቻ ነው ኔትወርክ የሚመጣው።

የዋይፋዩ ፓስወርድ በእናንተ የግል ቁልፍ ማስቀመጫ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። እናንተ ሳትገቡ ማንም አይከፍተውም። የዋይፋዩን ሴቲንግ ክፈቱና ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት እንዲሆን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከመግባታችሁ በፊት ይገናኛል። በአውቶማውንት ከሆነ ግን ይህም ብዙ አያስፈልግም።

ሼሩ የዊንዶውስ ነው። የሚለይ ነገር አለ?

አነሳሱ አንድ ነው። ዓይነቱ ላይ ሲአይኤፍኤስ ትጽፋላችሁ። ፓስወርዱን ግን ኤፍኤስታብ ውስጥ አትጻፉ፤ ያን ፋይል ማንም ያነበዋል። ለብቻው ፋይል አድርጉት፣ ባለቤቱ ሩት ይሁን፣ ፈቃዱን 600 አድርጉ፣ «ክሬደንሻልስ» በሚለው አማራጭ አመልክቱት። ፋየርዎል ካለ ፖርት 445 ይከፈት። ለኤንኤፍኤስ 4 ደግሞ 2049 ይበቃል።

ስዘጋው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አይጠፋም።

ፎልደሩ ሳይለቀቅ ኔትወርኩ ቀድሞ ተቋርጧል። ሲስተምዲ ሲዘጋ የሚሄደው በተነሳበት ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ እንደሚያስፈልገው ካወቀ ፎልደሩን ቀድሞ ይለቃል። ሰርቨሩ የሚደረሰው በቪፒኤን ከሆነ ግን ስለ ቪፒኤኑ አያውቅም። «ኤክስ-ሲስተምዲ.ሪኳየርስ» ብላችሁ የቪፒኤኑን አገልግሎት ስም ስጡት፤ «ኤክስ-ሲስተምዲ.አፍተር» የሚለውንም ጨምሩ። ያኔ ሲነሳም ሲዘጋም ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል።

ኤፍኤስታብን ነካሁ፣ አሁን ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ነኝ!

አትደንግጡ፣ ዳታችሁ አለ። የሩት ፓስወርድ ከጠየቀ አስገቡ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ከሆነ «ማውንት» ብላችሁ «ሪማውንት፣ አርደብሊው» አድርጉት። ኤፍኤስታብን በናኖ ክፈቱ፣ የጨመራችሁት መስመር ፊት # አድርጉ፣ አስቀምጡ፣ ሪቡት። የሩት መለያው የተቆለፈበት ማሽን ከሆነ፣ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት በሚመጣው የግረብ ሜኑ ላይ የከርነሉን መስመር አርሙና መጨረሻው ላይ ኤፍኤስታብ=ኖ ጨምሩ። ለዚያ አንድ ጊዜ ፋይሉን ሳያነብ ይነሳል።

ከጨረስኩ በኋላ እንዴት ልሞክረው?

«ማውንት» ብሎ «ሰረዝ-ኤ» ማድረግ አይበቃም። እሱ የሚያሳየው አጻጻፉ ልክ መሆኑን ነው፤ ስለ አነሳስ ምንም አይናገርም። መጀመሪያ «ፋይንድ-ኤምኤንቲ» የሚለውን ከ«ቬሪፋይ» አማራጩ ጋር አስኪዱ፤ የፊደል ስህተት ካለ ይነግራችኋል። ቀጥሎ «ሲስተም-ሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ»። ኤፍኤስታብን አርማችሁ ይህን ካላደረጋችሁ ሲስተምዲ የሚያውቀው አሮጌውን ነው።

ከዚያ በደንብ ሪቡት አድርጉ። ከተሳካ አሁን ኬብሉን ንቀሉና እንደገና ሪቡት። ኮምፒውተሩ ያለ ኔትወርክ እስከ መግቢያው ድረስ መምጣት አለበት። ፎልደሩን ክፈቱ፤ ስህተት ይስጣችሁ። ኬብሉን መልሱ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ፎልደሩን እንደገና ክፈቱ። ምንም ትእዛዝ ሳትጽፉ ፋይሎቹ ከመጡ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ይመጣሉ።